የአማረች ወገብና የመንግሥት ወንበር

እኛ ስለ መቀመጥ የማናውቀው ነገር ያለ አይመስለንም። እንግዳ ብቅ ሲል ከመቀመጫችን ብድግ እንልና «ኖር!» እንላለን። «በእግዚር!» ይላል እንግዳው። ከዚያ ትግሉ ይጀመራል። «ወደ ላይ ይለፉ»፣ «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል»፣ «በሞቴ»፣ «አፈር ልሁን»... እጅ ተጎትቶ፣ ትከሻ ተይዞ፣ በመጨረሻ እንግዳው ተሸንፎ ከበላይ ይቀመጣል። ክብሩ ተጠበቀ። ወገቡስ? ወገቡን ማንም አልጠየቀውም። የት እንደሚቀመጥ እንጂ በምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይንካ አይንካ፣ ጀርባው ድጋፍ ያግኝ አያግኝ የሚጨነቅ ባለቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እናንተን ከገጠማችሁ ሳሙልኝ።

በደርግ ጊዜ ደግሞ የነበረው መቀመጥ ሌላ ነበር። አገሩ ሁሉ ተቀምጦ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ውይይት አለ፣ የማኅበር ስብሰባ አለ፣ የስብሰባው አካሄድ የሚገመገምበት ስብሰባም አለ። መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው ሂሱንም ግለ ሂሱንም ጨርሶ ሲነሳ ፀሐይ የአዋሳ ሐይቅ ላይ ወርዳለች። መፈክር ስናሰማ ግራ እጃችን ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀኝ እጃችን ወገባችንን ይዟል። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከአግዳሚ ስነሳ ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበርኩ።

ስሜ ሽፈራው ነው። አዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ወደ ግቢው በገባ ዕቃ ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር መጻፍ፣ ዕቃውን ለሚጠቀምበት ሰው አስፈርሞ መስጠት፣ ሰውየው ሲለቅ አስፈርሞ መቀበል። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የሻይ ፔርሙስ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ምን ያልጻፍኩበት አለ? ቁጥር የሌለው ነገር ካየሁ እጄን ይበላኛል። ጓደኞቼ «ሽፈራው ሚስት ቢያገባ ጀርባዋ ላይ ቁጥር ይጽፍባታል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ሚስት አልነበረኝማ።

ወንበሮቻችን እንደ ባለቤቶቻቸው ማዕረግ ነበራቸው። ሥራ አስኪያጁ ቆዳ የለበሰ፣ የሚሽከረከር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አላቸው። የክፍል ኃላፊዎች ክንድ ማሳረፊያ አላቸው፣ መሽከርከር ግን አልተፈቀደላቸውም። ተራ ሠራተኛ ደረቅ የእንጨት ወንበር ይደርሰዋል። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ስለሚያበዙ ያ የሚሽከረከር ወንበር በሳምንት አራት ቀን ባዶውን ይውላል። ከሁላችን ይበልጥ የምትቀመጠው ታይፒስቷ ነበረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ። የእሷ ወንበር ከሁላችን የባሰ ነበር።

ወይዘሪት አማረች የዲላ ልጅ ናት። አጠር ያለች፣ ረጋ ያለች፣ ሥራ ላይ ቀልድ የማትወድ፣ ሻይ ላይ ግን በሳቅ የምትገድል። ጴንጤ ነበረች፤ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር መዝሙሩን አፏን ሳትከፍት እየተየበች ታዜመዋለች። የንብረት ክፍል መስኮቴ ከሷ መስኮት ፊት ለፊት ነው። የጽሕፈት መኪናዋ ሲንጣጣ ቀኑ ቀን ይመስለኛል፤ ዝም ሲል ምን ሆነች ብዬ አንገቴን አሰግጋለሁ። እንግዲህ ገብቷችኋል። ለእኔ ግን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያ መኪና በዚያ ሰሞን ዝምታ አበዛ። አሻግሬ ሳይ አማረች ቆማ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጠረጴዛዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ወንበሩ ላይ ሁለት ወፋፍራም የድሮ መዝገብ ደርባ ነበር የምትቀመጠው። ከጀርባዋ ሹራቧን አጣጥፋ ትወትፋለች። ሹራቡ ይወድቃል፤ ታነሳዋለች፤ ይወድቃል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅባት ተሰጣትና «ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «ከመተየብ የቀለለ ሥራ በመሥሪያ ቤታችን የለም፤ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ካልቻለች ይገለጽልን።» ካልቻለች ትሰናበታለች ማለት ነው። ዲላ ያሉት እናቷ የሚኖሩት በሷ ነበር።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ያኔ በቆሎ ይዘራበት በነበረው በዛሬው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በኩል፣ መንገዱን አላየሁትም። ወንበር አሠራላታለሁ አልኩ። ለሷ ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት የማይመቸው። ወንበሩን ስሰጣትም የሆዴን እነግራታለሁ። ውሳኔዬ ይኸው ነበር፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንዱን ፈጽሜዋለሁ።

ከጉዱማሌ ሜዳ ወረድ ብሎ ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም። በቀበሌ አዳራሽ ወገባችንን የሚቆርጠንን አግዳሚ የሠሩት እሳቸው መሆናቸውን ሰምቼ ኖሮ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ አማረርኩባቸው።

«ለጸሎት ቤት ነው የሠራሁት» አሉኝ። «ለአንድ ሰዓት ስብከት። ከዚያ ወሰዱት። የናንተ ስብሰባ አምስት ሰዓት ነው። እንጨቱን አትቆጣ።»

አፍሬ የዋንዛ ወንበር ማሠራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። የሠራተኞችን የምሳ ሰዓት ጠብቄ የአማረችን ወንበር፣ መዝገቦቹንና ጠረጴዛዋን በሜትር ለክቼ ስለነበር ልኩን የያዘውን ወረቀት በኩራት ዘረጋሁት። ዞር ብለውም አላዩት።

«ይሄ የወንበር ልክ ነው። የሰው ልክ የት አለ? ልጅቷን አምጣት።»

«አይሆንም ጋሽ ዳንጊሶ፣ አታውቅም።»

«ምንህ ናት?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

«ለሥራ ባልደረባ ሰው ዋንዛ አያስቆርጥም» አሉና ሳቁብኝ።

በመጨረሻ እሳቸው መጡ። የአማረች ቢሮ መስኮት አልዘጋም ብሎ ነበርና አናጢ ጠርቻለሁ ብዬ አስገባኋቸው። ግማሽ ቀን ሙሉ መስኮቱን እየነካኩ እሷን ሲያዩ ዋሉ። እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ክንዷ የት እንደሚደርስ፣ እግሯ ምን እንደሚሆን። መስኮቱ ዛሬም በደንብ አይዘጋ ይሆናል። ሲወጡ በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «ወገቧ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «እግሯ ነው መሬት ያጣው። እግሩ የተንጠለጠለ ሰው ሸክሙ ሁሉ ወገቡ ላይ ነው።»

እኔ ስድስት ወር ወገቧን ሳይ ኖሬ እግሯን አላየሁትም።

ወንበሩ በሦስት ሳምንት አለቀ። የዋንዛ እንጨት ነው፤ መቀመጫው የጠፍር ስለሆነ ሲቀመጡበት ሸርተት አያደርግም፣ አይቆረቁርምም። መደገፊያው ከታች በኩል ወደ ፊት ገፋ ብሎ የወገብን ጎድጓዳ ይሞላል፣ ከላይ ደግሞ ወደ ኋላ ለቀቅ ይላል። ጋሽ ዳንጊሶ የጠረጴዛዋንም እግር ቆርጠው እንደሚያሳጥሩት ነገሩኝና መጥተው አሳጠሩት። «ስትቀመጥ ንገራት» አሉኝ ሲሰናበቱኝ። «ከተነሳች በኋላ ዋጋ የለውም።»

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ ወንበሩን በጋሪ ጭኜ መጣሁ። ዘበኛው «የመግቢያ ወረቀት አለው ወይ?» አለኝ። «እኔ እያለሁ?» ብዬ አለፍኩት። ዕቃ ቤት አስገብቼ በጨርቅ ወለወልኩት። አንድ ጊዜ ዞርኩት። ቆንጆ ነበር። ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ አትስቁ፣ ወይም ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እጄ ብሩሹን አነሳ። እኔን አላማከረኝም። ከመደገፊያው ጀርባ፣ ሁልጊዜ በምጽፍበት ቦታ፣ ቀዩን ቁጥር ጻፈበት።

ደነገጥኩ። ቀለሙ እርጥብ ነው፤ ነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ቢነካው ይጠፋል። ጨርቁን አነሳሁ፣ ጋዝ ውስጥ ነከርኩት፣ ከዚያ ቆምኩ። ቁጥሩ ከጠፋ ወንበሩ የሽፈራው ነው። የሽፈራው ከሆነ «ምን አስቦ ነው?» ይባላል፤ በሻይ ሰዓትም በስብሰባም ስሟ ይነሳል፤ እኔም ፊቷ ቆሜ ያን የሆዴን ነገር መናገር አለብኝ። ቁጥሩ ካለ ግን ወንበሩ ወንበር ነው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለስሟ ተጨንቄ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ጨርቁ እጄ ላይ እያለ የጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ መጣ።

ወንበሩን ቢሮዋ አስገብቼ፣ ቅጹን ሞልቼ አስፈረምኳት። መዝገቦቹን አንስታ፣ ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። እግሯ መሬት ነካ። ጀርባዋን ቀስ ብላ ወደ መደገፊያው ሰጠችው፤ ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ወጣት። ዓይኗ እንባ አቀረረ መሰለኝ።

«ማነው ያሰበልኝ?» አለች።

«ያው... መንግሥት ነው እንግዲህ» አልኩ።

መንግሥት! የዋንዛውን ግንድ ራሴ መርጬ፣ ከወንዶ ገነት መንገድ በጋሪ አስመጥቼ፣ መንግሥት! በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ለሰፊው ሠራተኛ ጤንነት የተደረገ ጥንቃቄ» ብለው ተናገሩበት፤ አስጨበጨቡበትም። እሳቸው የበላይ አካል የላከው መስሏቸዋል፤ የበላይ አካል እሳቸው የገዙት መስሎታል። እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሦስት ሠራተኞች ተመሳሳይ ወንበር እንዲሰጣቸው በማመልከቻ ጠየቁኝ።

ወገቧ ዳነ። በአንድ ወር ውስጥ መኪናው እንደ ድሮው ይንጣጣ ጀመር፤ መዝሙሩም ከበፊቱ ሞቅ አለ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሆነን ኖርን። የመሥሪያ ቤት ንብረት በዓመት አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ ያን ወንበር ግን እኔ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። መዝገቤን ይዤ እገባለሁ፤ «እንዴት ነው፣ ይመቻል?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቶ ሽፈራው» ትላለች፤ ቁጥሩን አያለሁ፤ እወጣለሁ። በእርስዎ ነበር የምንነጋገረው፤ አንድም ቀን አንቺ ብያት አላውቅም። ብቻዬን ስሆን ግን አንቺ እላት ነበር።

አንድ እሑድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ሐይቁ ዳር ችግኝ ለመትከል ወጣ። ስናርፍ ዋርካ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ከጎኔ ነበረች። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጎትታሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያራገፈች «አንዳንዴ ሳስበው፣ ያን ወንበር የሠራው ሰው የሚያውቀኝ ይመስለኛል» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። ወገኖቼ፣ ከዚህ የበለጠ በር ይከፈታል?

«ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው» አልኳት።

በሦስተኛው ዓመት እናቷ ታመሙ። አስታማሚ ስለሌላቸው ዲላ ወዳለ መሥሪያ ቤት ዝውውር ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። እንደ ደንቡ፣ ሠራተኛ ሲለቅ በስሙ ያለውን ንብረት አስረክቦ ምንም የለበትም ተብሎ ካልተፈረመለት አይሰናበትም። የመጨረሻው ቀን ዘበኛው ወንበሩን ተሸክሞላት ዕቃ ቤት መጣች። ዘበኛው አስቀምጦ ወጣ። ሁለታችን ቀረን፤ ወንበሩ መሐላችን ነው። ቅጹን ሞላሁ። ንብረቱ ተመላሽ፣ ሁኔታው ደህና። ብዕሩን ሰጠኋት። አልፈረመችም።

«አቶ ሽፈራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁ።»

«ይህ ወንበር የማን ነው?»

ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ሄዷል። ስሟን የሚያነሳ፣ የሚያወራ፣ የሚገመግም ሰው የለም፤ ነገ እዚህ አትኖርም። ሰበብ ሁሉ አልቆብኛል። አፌን ከፈትኩ።

«የመንግሥት ነው» አልኩ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ፈረመች። ከዚያ መደገፊያውን በመዳፏ ዳሰስ አደረገችና «እንግዲያው ለመንግሥት መልእክት ያድርሱልኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቄዋለሁ ይበሉልኝ። ጠይቆኝ ቢሆን እምቢ አልለውም ነበር።»

ወጣች።

መልእክቱ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጀ። ሲገባኝ ዘልዬ ወጣሁ። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ልሮጥ ነው። ታዲያ እጄ የዕቃ ቤቱን በር ዘጋ። የላዩን ቁልፍ ቆለፈ፣ የታችኛውን ቆለፈ፣ ማሸጊያ ወረቀቱን ለጠፈ፣ ማኅተሙን መታ። ክፍት ትቼ መሄድ አልችልማ! መናኸሪያ ስደርስ የዲላ አውቶቡስ አቧራው ብቻ ነበር የቀረው።

ዲላ ሩቅ አይደለችም። በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አትሞላም። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ እንደሌለኝ እንድታውቁ ነው። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ በበዓል እሄዳለሁ አልኩ፤ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። በዓመቱ አገባች ሲሉ ሰማሁ። ዛሬም የጽሕፈት መኪና ድምፅ ስሰማ፣ አሁን ብርቅ ሆኗል እንጂ፣ ቆሜ እሰማለሁ። በጣም ነው የምትናፍቀኝ።

በዚያ ዓመት ቆጠራ የመሥሪያ ቤታችን ንብረት አንዲት ሳትጎድል ተገኘች። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደብዳቤውን የተየበችው በአማረች ቦታ የመጣችው ወይዘሮ ነበረች፤ ሞገስ ያላት ረጅም ሴት ናት። ባጠረው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ፣ በደረቅ ወንበር ላይ። ወረቀቱን ልትሰጠኝ ስትነሳ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። የአማረችን ወንበር ለማንም አልሰጥም ብዬ ስምንት ወር ቆልፌበት ነበር።

የዕቃ ቤቱን ማሸጊያ ቀድጄ ወንበሩን አወጣሁላት። ለሷ ግን ወንበሩም ጠረጴዛውም አጠራት፤ ጉልበቷ ሽቅብ ወጣ። ጋሽ ዳንጊሶን ጠራኋቸው። ገና ወንበሩን ሲያዩ አወቁት፤ ስለ ልጅቷ ግን አልጠየቁኝም። መጋዛቸውን አወጡ፤ ለጠረጴዛው እግርም ለወንበሩ እግርም የሚቀጠለውን እንጨት ለኩና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልቀጥልበት?» አሉኝ።

«ይቀጥሉበት» አልኩ።

ጥሩ አድርገው ቀጠሉት፤ መጋጠሚያው አይታይም። ሴትየዋ ተመቻት፣ ወገቧም ዳነ ተባለ። የአማረችን እግር ልክ የሚያውቅ ወንበር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አዋሳ ውስጥ የለም። ከመሬት እስከ ጠፍሩ ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነበር።